ዊልሄልም ማይባኽ፤ ለሞተር ትንፋሽ ያበጀው የሙት ልጅ

በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ፍቅር የተያዘ ሰው እሑድ ጧት ምን እንደሚሠራ እንዲህ ያለ ጎረቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሞተሩን ያስነሣና ጥቂት መንገድ ነድቶ ያሞቀዋል፤ ተመልሶም በግቢው ውስጥ ያቆመዋል፤ ከዚያ በኋላ ካቻቢቴውን ይዞ ከጎኑ ይንበረከክና ሕመምተኛ እንደሚመረምር ሐኪም ጆሮውን ወደ ብረቱ ያስጠጋል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ከሩቅ ሆኖ ሲመለከተው ይህን ሰው ምን ነካው ብሎ መገረሙ አይቀርም። ሰውየው ግን የያዘው ከባድ ጉዳይ ነው፤ የሚያዳምጠውም ትንፋሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ. ም. የወጣውን አር 69 ኤስ የተባለውን የቢ. ኤም. ደብልዩ ሞተር ብስክሌት ለምሳሌ እንውሰድ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ይወቅልን።) ይህ ሞተር ሁለት ሲሊንደሮች አሉት፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ እንደ ሁለት ክንድ ተዘርግተዋል። ለእያንዳንዱም የራሱ ካርቡራቶር፣ ይኸውም አየሩንና ቤንዚኑን እየለካ የሚያቀላቅልለት ዕቃ፣ ተሰጥቶታል። ነጂው የሚጠመዝዘው እጀታ አንድ ነው፤ ከእጀታው ወደ ሞተሩ የሚወርዱት ሽቦዎች ግን ሁለት ናቸው። እንግዲህ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ የፀጉር ያህል የላላ እንደ ሆነ፣ የቀኙ ሲሊንደር ሥራ ሲጀምር የግራው ገና እያዛጋ ነው ማለት ነው። አንደኛው የወንድሙን ድርሻ ይሸከማል፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ወገን ከመጠን በላይ ይግላል፤ ቤንዚኑም በከንቱ ይባክናል። በአንድ ቀንበር ከተጠመዱት በሬዎች አንዱ ሲቀድም አንዱ ሲጎተት ትልሙ ምን እንደሚመስል የገበሬ ልጅ የሆነ ያውቀዋል።

እኛም እንዲህ ያለው ሥራ ሲሠራ አጠገብ ቆመን ባየንበት ቀን በመጀመሪያ የተማርነው ነገር ካርቡራቶሩን ቶሎ ብሎ አለመንካትን ነው። አስቀድሞ የቫልቮቹ ክፍተት በልኩ መሆኑ ይታያል፤ ካንዴላዎቹ ወልቀው ይጠረጋሉ፤ በካርቡራቶሩና በሲሊንደሩ መጋጠሚያ በኩል አየር ሾልኮ የሚገባ መሆን አለመሆኑ ይመረመራል። ከእነዚህ በአንዱ ጉድለት ካለ የካርቡራቶሩን ብሎን ቀኑን ሙሉ ቢያዞሩት ትርፉ ድካም ብቻ ነው። ይህ ካለቀ በኋላ ሞተሩ በደንብ ይሞቃል። ሁለቱ ሽቦዎች ላላ ይደረጉና የሁለቱም ወገን የሚኒሞ ብሎን ተራ በተራ እየተነካ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ሁለቱ ሲሊንደሮች እኩል እንዲመቱ ይደረጋል። ቀጥሎ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ይኸውም እጀታው ገና ሲነካ የአየሩን መንገድ የሚከፍቱት ሁለቱ ተንሸራታች መክደኛዎች በአንድ ቅጽበት ከተቀመጡበት እንዲነሡ ሽቦዎቹን ማስተካከል ነው። መለኪያ የሚሰካበት ቀዳዳ ላላቸው ሞተሮች የሜርኩሪ ዓምድ ወይም ሰዓት የሚመስል የመሳብ ኃይል ማሳያ አለ። ለሌላቸው ግን አንድ ክንድ የጎማ ቱቦ ይበቃል። የአየር ማጣሪያው ይነሣና የቱቦው አንዱ ጫፍ በጆሮ፣ ሌላው ጫፍ በካርቡራቶሩ አፍ አጠገብ ይያዛል፤ ከዚያም የግራውንና የቀኙን ፉጨት ማነጻጸር ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ስለሌለ ሥራው ሊረዝም አይገባም፤ ከረዘመም ከፊቱ ማራገቢያ ይቆምለታል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አይሠራም፤ ጢሱ ሰው ይገድላልና።

ቱቦውን በጆሯችን ይዘን ያንን ፉጨት ስንሰማ፣ ቤንዚንን በትንሽ አፍንጫ እየረጩ ከአየር ጋር ማዋሐድን ማን ይሆን ያሰበው የሚል ጥያቄ መጣብን። መልሱን ፍለጋ ስንሄድ ያገኘነው ሰው ስሙ ለአንባቢያችን እንግዳ አይደለም፤ በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሆኑት አውቶሞቢሎች በአንዱ ላይ ተጽፎ ይገኛልና። ስሙን የሚያውቅ ሰው ግን ሥራውን የሚያውቅ አይደለም። ይህ ሰው ጀርመናዊው ንድፍ አውጪ ዊልሄልም ማይባኽ ነው።

ማይባኽ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1846 ዓ. ም. በዚያን ጊዜ የራሱ ንጉሥ በነበረው በቩርተምበርግ አገር፣ በሃይልብሮን ከተማ ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበረ፤ አምስት ወንዶች ልጆችም ነበሩት። እናታቸው አስቀድማ ሞተች፤ በ1856 ደግሞ አባታቸው ተከተለ፤ ዊልሄልምም በዐሥር ዓመቱ እናትም አባትም የሌለው የሙት ልጅ ሆኖ ቀረ። ልጆቹን ተቀብሎ የሚያሳድግ ደግ ሰው እንዲገኝ በጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ሕፃናትን በጋዜጣ ማስታወቂያ አሳዳጊ መፈለግ ለሰሚው ያሳዝናል። እኛ ግን እንጀራችን ጋዜጣ ስለ ሆነ፣ በጋዜጣ ከወጡት ማስታወቂያዎች ሁሉ የዚህን ያህል ፍሬ ያፈራ ስንት ይገኝ ይሆን እያልን ማሰባችን አልቀረም።

በዚያ ዘመን ጉስታቭ ቬርነር የተባለ የወንጌል ሰባኪ በሮይትሊንገን ከተማ የወንድሞች ቤት የሚባል የድኾችና የሙት ልጆች ማሳደጊያ አቋቁሞ ነበር። ቬርነር ልጆቹ በምጽዋት ብቻ እንዲያድጉ አልፈቀደም፤ በማሳደጊያው ሥር ልዩ ልዩ የሥራ ቤቶች አቁሞ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ የማሽን መሥሪያ ፋብሪካ ነው። ትንሹ ማይባኽ ወደዚህ ቤት ገባ። እጁ ለእርሳስና ለማስመሪያ የተፈጠረ መሆኑ ቶሎ ታወቀለትና ዕድሜው ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆን በፋብሪካው የንድፍ ክፍል ሥራ ጀመረ። ቀን እየሠራ ማታ ትምህርት እየተከታተለ ፊዚክስና ሒሳብ ተማረ። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ደጃፍ አልረገጠም። እኛ በቅርቡ ዲፕሎማችንን ተቀብለን የወጣን ሰዎች ይህን ስንጽፍ ጥቂት ማፈራችንን አንደብቅም።

በ1863 መጨረሻ የፋብሪካው ኃላፊ ሆኖ አንድ የሃያ ዘጠኝ ዓመት መሐንዲስ መጣ። ስሙ ጎትሊብ ዳይምለር ነበር፤ የሾርንዶርፍ ከተማ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። ከማይባኽ በዐሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠዋል። ዳይምለር እልኸኛ፣ ችኩል፣ ያሰበውን ሳያደርስ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር፤ ማይባኽ ደግሞ ዝምተኛ፣ ታጋሽ፣ ክፉውንም ደጉንም ወረቀት ላይ እየሣለ የሚፈታ። ዳይምለር ወጣቱ ንድፍ አውጪ ምን እንደሚችል ባየ ጊዜ ከዚያ በኋላ ሊለየው አልፈለገም። ወደ ካርልስሩኸ ሄዶ በአንድ የማሽን ኩባንያ ሲቀጠር ማይባኽን በ1869 አስመጣው። በ1872 በኮሎኝ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ዶይትዝ የጋዝ ሞተር ፋብሪካ ሲሄድም ይዞት ሄደ፤ ማይባኽ በዚያ በሃያ ስድስት ዓመቱ የንድፍ ክፍሉ አለቃ ሆነ።

ዶይትዝ የኒኮላውስ ኦቶ ፋብሪካ ነው። ዛሬ ከአውቶሞቢልና ከሞተር ብስክሌት ብዙዎቹ የሚሠሩበት በአራት ምት የሚዞረው ሞተር በ1876 ከዚህ ወጣ፤ ሐሳቡ የኦቶ ሲሆን በፋብሪካ በብዛት ሊሠራ በሚችልበት መልክ ያዘጋጀው ማይባኽ ነው። ነገር ግን ይህ ሞተር በከተማ ጋዝ የሚሠራና እጅግ ከባድ ስለ ነበረ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ከተተከለ የሚነቀል አልነበረም። በደቂቃም ሁለት መቶ ጊዜ እንኳ አይዞርም ነበር። ዳይምለር ያለመው ሌላ ነው፤ በጋሪም በጀልባም ላይ የሚጫን ቀላልና ፈጣን ሞተር። በዚህና በሌላም ምክንያት ከኦቶ ጋር አልተስማሙም፤ በ1882 ዳይምለር ዶይትዝን ትቶ በሽቱትጋርት አጠገብ በካንሽታት ቤት ገዛ። ማይባኽም በዓመት 3,600 ማርክ ሊከፈለው ተዋውሎ ሚስቱንና ትንሹን ልጁን ካርልን ይዞ ተከተለው። ይህ ሦስተኛው መከተል መሆኑን አንባቢያችን ልብ ይበልልን።

የዳይምለር ቤት ሰፊ አትክልት ቦታ ነበረው፤ በአትክልቱም መካከል አበባ ከብርድ የሚጠበቅበት ባለ መስተዋት ቤት ነበረ። ይህንን አስፋፍተው የሥራ ቤት አደረጉት። ሁለቱ ሰዎች ሌሊትና ቀን በሩን ዘግተው ብረት ይቀጠቅጡ ስለ ነበረ አትክልተኛው ጠረጠራቸውና የሐሰት ገንዘብ ያትማሉ ብሎ ለፖሊስ ተናገረ። ፖሊሶች ቤቱን ከፍተው ገብተው ቢፈትሹ ያገኙት መዶሻ፣ ሞረድና የሞተር ዕቃ ብቻ ሆነ። አትክልተኛውን አንወቅሰውም፤ በዚያን ጊዜ ሞተር ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር?

በዚያ ባለ መስተዋት ቤት ውስጥ ሁለት ችግር ተፈታ። የመጀመሪያው እሳቱ ነው፤ በ1883 ከውጭ በነበልባል የሚግል ትንሽ ቱቦ ወደ ሲሊንደሩ አስገብተው ድብልቁን በእርሱ አቀጣጠሉ፤ ሞተሩም በደቂቃ 600 ጊዜ ዞረ። ሁለተኛው ችግር የነዳጁ ነው፤ ማይባኽም ዕድሜውን ያጠፋው በዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጋሪ ላይ የሚሄድ ሞተር ከከተማው የጋዝ ቧንቧ ጋር ታስሮ መኖር አይችልም፤ ቤንዚን መጠጣት አለበት። ቤንዚን በዚያን ጊዜ በመድኃኒት ቤት የሚሸጥ የልብስ እድፍ ማስለቀቂያ ነበር። ይሁን እንጂ ፈሳሹ እንዲሁ አይነድም፤ ተንኖ ከአየር ጋር በልኩ መቀላቀል ይኖርበታል። አየሩ ከበዛ አይቀጣጠልም፤ ቤንዚኑ ከበዛ ያፍናል።

በ1885 ማይባኽ የሠራው የመጀመሪያው ካርቡራቶር ቤንዚን የተቀመጠበት ዕቃ ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚሳበው አየር በቤንዚኑ በኩል ሲያልፍ ትነቱን ይዞ ይሄዳል። የቤንዚኑ ከፍታ እንዳይለዋወጥም ተንሳፋፊ አደረገበት። ብልሃቱ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ጉድለት ነበረበት። ከቤንዚን ውስጥ ቶሎ የሚተነው ቀላሉ ክፍል አስቀድሞ ያልቅና፣ ቅቤው ወጥቶለት አሬራው እንደሚቀር እርጎ፣ ከባዱ ክፍል ብቻ ከሥር ይቀራል። ሞተሩ ጧት ጥሩ ሠርቶ ወደ ማታ ያንቀላፋል። ቀንና ሌሊቱ፣ ብርድና ሙቀቱ፣ የመንገዱ መንገጫገጭ ሁሉ ድብልቁን ይለዋውጠዋል።

ቢሆንም በዚሁ ካርቡራቶር በዓለም የመጀመሪያው የሚባለው የቤንዚን ሞተር ብስክሌት ተነዳ። ቁመቱን አይተው ቋሚ ሰዓት ብለው የሰየሙትን ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ከእንጨት በተሠራ ባለ ሁለት መንኮራኩር ዕቃ ላይ ጫኑት፤ እንዳይወድቅም በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ መንኮራኩሮች ጨመሩለት። የሞተሩ ስፋት 264 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ፣ ጉልበቱ የግማሽ ፈረስ ነበር። የባለቤትነት መብቱ በኦገስት 29 ቀን 1885 ተመዘገበ፤ በኖቬምበርም ከዳይምለር ልጆች አንዱ ከካንሽታት እስከ ኡንተርቱርክሃይም ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነዳው። የሚቃጠለው ቱቦ ከኮርቻው በታች ስለ ነበረ በመንገድ ላይ ኮርቻው እሳት ያዘ ይባላል። ይህ ሞተር ብስክሌት አንድ ሲሊንደርና አንድ ካርቡራቶር ብቻ ስለ ነበረው የማስማማት ጣጣ አልነበረበትም፤ ነጂውን ያሳሰበው ኮርቻው ነው።

ቀጥለው በጋሪና በጀልባ ላይ ሞተር ጫኑ፤ በ1889ም በፓሪስ ትርኢት ላይ የማይባኽ ንድፍ የሆነ ባለ ብረት መንኮራኩር ሰረገላ አሳዩ፤ ፈረንሳዮች ወደዱት። ሞተሩም ሲወደድ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች መጡ። በ1890 የዳይምለር ሞተር ኩባንያ በማኅበር ተቋቋመ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ባለ ገንዘቦቹ የፈለጉት በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚሠራ፣ ገበያው የታወቀ ሞተር ነበር፤ አውቶሞቢል የሚሉት ነገር እንደ ሕፃን ጨዋታ ይታያቸው ነበር። ለማይባኽ ያቀረቡለት የሥራ ውል ክብሩን የማይጠብቅ ሆኖ ስላገኘው በ1891 መጀመሪያ ትቶ ወጣ። ስሙ በኩባንያው ላይ አልተጻፈም፤ የፈለሰፈው ነገር የተመዘገበውም በብዛት በዳይምለር ስም ነበር። በአርባ አምስት ዓመቱ፣ ሠላሳ ዓመት ከሠራ በኋላ፣ ባዶ እጁን ቤቱ ተቀመጠ።

ዳይምለር ግን አልተወውም። ከባልንጀሮቹ ሸሸግ አድርጎ ገንዘብ እየከፈለ በካንሽታት በነበረው በሄርማን ሆቴል አዳራሽ የሥራ ቤት አቆመለት። ሰዎች ይበሉበትና ይጨፍሩበት በነበረው አዳራሽ ጥቂት ሠራተኞች ይዞ ማይባኽ በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጠውን ሠራ። ፌኒክስ የተባለው ሁለት ሲሊንደሮቹ ጎን ለጎን የቆሙ ሞተር ከዚህ ወጣ፤ በ1893ም ዛሬ የምናውቀው የሚረጭ ካርቡራቶር ወጣ።

ይህን ካርቡራቶር ጥቂት ቆም ብለን ብንመለከተው ይገባዋል። ማይባኽ ቤንዚኑ በራሱ ፈቃድ እስኪተን መጠበቅን ተወ። በትንሽ ዕቃ ውስጥ ተንሳፋፊ አኖረ፤ ተንሳፋፊው ከፍ ሲል መርፌ የመሰለ ዘንግ የቤንዚኑን መግቢያ ይዘጋል፣ ዝቅ ሲል ይከፍታል። ስለዚህ የቤንዚኑ ከፍታ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከዚህ ዕቃ ቀጭን ቧንቧ ወጥቶ በአየሩ መንገድ መካከል ይቆማል፤ ቤንዚኑም ከቧንቧው አፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። ሞተሩ ሲቆም አይፈስም። ፒስቶኑ ወርዶ አየር ሲስብ ግን አየሩ በጠባቡ መንገድ በኃይል እያለፈ ቤንዚኑን ከቧንቧው አፍ ይመዘዋል፤ ሽቶ ከጠርሙሱ እንደሚረጭ ደቆ ይረጨዋል። ብዙ ሲስብ ብዙ፣ ጥቂት ሲስብ ጥቂት ይሰጠዋል። ቀላሉም ከባዱም የቤንዚን ክፍል አብሮ ስለሚሄድ ከሥር የሚቀር አሬራ የለም። ዕቃውም ከድሮው እጅግ አነስተኛ ሆነ፤ በኋላ ዘመን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ካርቡራቶር መስጠት የተቻለው ስለዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህን ያሰበ ማይባኽ ብቻ አይደለም። በዚያው በ1893 ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ የተባሉ ሁለት የሃንጋሪ መሐንዲሶች ተመሳሳይ ነገር አስመዝግበዋል፤ በእንግሊዝ አገርም ኤድዋርድ በትለር ከዚያ በፊት በሠራው ባለ ሦስት መንኮራኩር ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ ተጠቅሟል። ሃንጋሪዎች የመጀመሪያው ክብር የእኛ ነው ሲሉ የሚሰጡት ማስረጃ ቀላል አይደለም። ብልሃቱን ወስዶ በብዙ ሺህ አውቶሞቢል ላይ በመንገድ እንዲሠራ ያደረገው ግን የካንሽታቱ ሰው ነው፤ እኛም የምናደንቀው በዚህ ነው።

ኩባንያው ሁለቱ ሰዎች ከወጡበት ወዲህ አልሠመረለትም። ፍሬደሪክ ሲምስ የተባለ ነጋዴ የሚመራቸው እንግሊዛውያን የፌኒክስን ሞተር በአገራቸው ለመሥራት 350,000 ማርክ ሊከፍሉ ሲቀርቡ ዳይምለር ወደ ኩባንያው ካልተመለሰ አይሆንም አሉ። እንዲህ ሆኖ በ1895 ዳይምለር ተመለሰ፤ ማይባኽም የቴክኒክ ዲሬክተር ሆኖ ገባ። ዳይምለር ልቡ የታመመ ሰው ነበረና በማርች 6 ቀን 1900 አረፈ። ማይባኽ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ቀረ።

ሰዎች ከሁለቱ ማን ይበልጣል ብለው ይከራከራሉ። ለእኛ ይህ ክርክር ከአንድ ሞተር ሁለት ሲሊንደሮች መኪናውን የሚነዳው የትኛው ነው እንደ ማለት ነው። ዳይምለር ባይኖር ማይባኽ በሮይትሊንገን ንድፍ ሲሥል አርጅቶ ይቀር እንደ ነበረ እንገምታለን፤ ማይባኽ ባይኖር ደግሞ የዳይምለር እልህ የሚጨብጠው ብረት ባላገኘ ነበር። ቅር የሚለን ሽቦው ወደ አንዱ ወገን መሳቡ ነው።

ዳይምለር በሞተበት ዓመት ኤሚል የሊኔክ የተባለ በኒስ ከተማ የሚኖር ባለጸጋ ነጋዴ 36 አውቶሞቢሎች በ550,000 ማርክ አዘዘ። ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ፈጣን መኪና ይሁንልኝ፤ ስሙም በልጄ ስም ይጠራ አለ። ልጅቷ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስትሆን ስሟ መርሴዴስ ነው። ማይባኽ በጥቂት ወራት ውስጥ ንድፉን አወጣ። በዲሴምበር 22 ቀን 1900 ለየሊኔክ የተላከው መኪና የሠላሳ አምስት ፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከስምንት ሺህ በላይ ትንንሽ ቱቦዎች እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩበት ራዲያተር ከፊቱ ቆሞለት ነበር። አራቱ ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ለየጥንዱ አንዳንድ የሚረጭ ካርቡራቶር ተሰጥቷቸዋል። ነጂው ከመሪው አጠገብ ባለ አንድ ዘንግ ሞተሩን በደቂቃ ከ300 እስከ 1,000 ጊዜ እንዲዞር ያዘዋል። ሁለት ካርቡራቶር በአንድ ዘንግ ሲታዘዝ እኩል መታዘዝ አለበት፤ በእሑድ ጧቱ ሞተር ብስክሌት ዘንድ ያየነው ጣጣ እዚህም አለ ማለት ነው።

በማርች 1901 በኒስ በተደረገው የውድድር ሳምንት እነዚህ መኪናዎች የሌላውን ሁሉ ትተው አለፉ። ፈረንሳዮች ለማይባኽ የመኪና ሠሪዎች ንጉሥ የሚል ስም አወጡለት። መኪናዋ ግን የየሊኔክን ልጅ ስም ይዛ ዓለምን ዞረች።

ንግሥናው አልቆየም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማይባኽ ታመመ፤ ሲመለስ ቦታው በሌሎች ተይዞ ነበር። የኩባንያው አለቆች ወደ አንድ የፈጠራ ክፍል ገለል አደረጉት፤ የዳይምለር ልጅ ጳውል ከእርሱ የተለየ ንድፍ ይዞ ተነሥቶ ነበር። ዝምተኛው ሰው ለራሱ መሟገት የሚችል አልነበረም። በ1907 በስድሳ አንድ ዓመቱ ለሁለተኛ ጊዜ ኩባንያውን ትቶ ወጣ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ የሆቴል አዳራሽ የሚከራይለት ወዳጅ አልነበረም።

በኦገስት 1908 የካውንት ሴፔሊን አየር መርከብ በሽቱትጋርት አጠገብ በኤሽተርዲንገን በዐውሎ ነፋስ ተመትቶ ተቃጠለ። ሽማግሌው ካውንት አጥንቱ የተሰበረ ያህል ሆነ፤ ነገር ግን የጀርመን ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ እንደ ገና እንዲሠራ አደረገው። ማይባኽ በዚህ ጊዜ ለካውንቱ ደብዳቤ ጽፎ ልጁ ካርል ለአየር መርከብ የተሻለ ሞተር ሊሠራ እንደሚችል አስታወቀው። በ1909 ቢሲንገን በተባለ ቦታ የሞተር ኩባንያ ተቋቋመ፤ መሪው ካርል ሆነ፤ አባትየውም በምክር ይረዳው ነበር። በኋላ ኩባንያው ወደ ፍሪድሪክስሃፈን ተዛውሮ በ1918 የማይባኽ ሞተር ፋብሪካ ተባለ። እንዲህ ሆኖ የአናጢው ልጅ ስም በመጨረሻ በፋብሪካ በር ላይ ወጣ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን የአውሮፕላን ሞተር እንዳትሠራ በመከልከሏ ካርል ፊቱን ወደ አውሞቶቢል መለሰ፤ በ1921 የመጀመሪያው የማይባኽ መኪና ለሕዝብ ታየ። ዛሬ ስሙን በቅንጦት የሚያነሣው ሁሉ ስሙን ያወቀው ከዚህ ከልጁ መኪና ነው።

በ1916 የሽቱትጋርት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው። ዊልሄልም ማይባኽ ዲሴምበር 29 ቀን 1929 ዓ. ም. በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። የተቀበረውም በካንሽታት ኡፍ ኪርኽሆፍ በሚባለው መካነ መቃብር፣ ጎትሊብ ዳይምለር ባረፈበት ግቢ ነው። መከተሉን ቢቆጥሩት ይህ አራተኛው ነው።

ካርቡራቶር በአዲስ መኪና ላይ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ነዳጁን አሁን የሚለካው የኤሌክትሪክ አእምሮ ያለው መርጫ ነው። በአሮጌዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ግን ተንሳፋፊው፣ መርፌውና ቀጭኑ ቧንቧ እንዳሉ አሉ። ያ የእሑድ ጧቱ ሰው ሁለቱን ፉጨት እኩል አድርጎ ሲጨርስ የሽቦዎቹን ማጥበቂያ ቆልፎ ካቻቢቴውን ያስቀምጣል። ከዚያም ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ ሳለ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ቀጥሎም እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ከሽቦዎቹ አንዱ በአጭር ተይዞ እንደ ሆነ መሪው ሲዞር ሞተሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋልና። ድምፁ ካልተለወጠ የአየር ማጣሪያውን መልሶ ይገጥማል።